«ደኅና ነኝ» ማለት ምርመራ አይደለም

በላፍቶ መንገድ ከሞተር ብስክሌት የወደቀ ተማሪ አቧራውን አራግፎ «ደኅና ነኝ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ይህን ቃል እንደ ጀግንነት መቁጠራችን ግን ይብቃ።

ራሱን የተመታ ሰው ለጥቂት ሰዓታት እየተጨዋወተ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያው ጊዜ ከራስ ቅሉ ሥር ደም እየተጠራቀመ ይሆናል። የተጎዳች ጣፊያም ከቀናት በኋላ ልትደማ ትችላለች። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም እንኳ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው።

«ገንዘብ የለኝም» የሚለውም ምክንያት ሊያስቀረን አይገባም፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው በሕግ በተወሰነው መጠን አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓልና።

ስለዚህ ጓደኞች ሆይ፥ የወደቀውን በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ሌሊቱንም ብቻውን አትተዉት። ራስ ምታቱ ከባሰ፥ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ንግግሩ ከተምታታ በ907 ደውላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ። መምህራንም ለምርመራ ብሎ ከክፍል የቀረውን ተማሪ እንደ ሰነፍ እንዳያዩት እንለምናለን። በወረፋ የሚያልፈው ግማሽ ቀን ነው፤ ያመለጠ ትምህርት ይካካሳል፥ ያለፈ ሕይወት ግን አይመለስም።