ደርባን በአንድ ጥፊ አልነደደችም

የብዙ እልቂት ታሪክ ሲወራ አጀማመሩ አንድ ነው፦ «አንድ ልጅ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተጣላና...»። ቀጥሎ የሟቾች ቁጥር ይመጣል። በመካከሉ ያለውን ማን ይጠይቃል? የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ታሪክም እንዲሁ ነው የሚነገረው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1949፣ ሐሙስ አመሻሽ። በሕንዶች ገበያ አካባቢ አንድ የ14 ዓመት አፍሪካዊ ልጅ ከሕንዳዊ የሱቅ ሠራተኛ ጋር ይጋጫል። የሱቁ ባለቤት ልጁን ሲመታው ጭንቅላቱ ከመስተዋት ተላትሞ ይደማል። ሰዓቱ ሠራተኛው አውቶቡስ ለመያዝ የሚሰለፍበት ነበርና ደሙን ብዙ ሰው አየ። ወዲያው «ልጁ ተገደለ» የሚል ወሬ ተነዛ። በማግስቱ ኬቶ ማኖር የተባለው ሰፈር ነደደ። 142 ሰው ሞተ፤ 87 አፍሪካውያን፣ 50 ሕንዶች፣ 1 ነጭ፣ ማንነታቸው ያልተለየ 4። ከአፍሪካውያኑ ብዙዎቹን የጣላቸው የፖሊስና የወታደር ጥይት ነው። ዳር ቆመው ዘራፊውን የሚያበረታቱ ነጮችም ታይተዋል።

ለመሆኑ እነዚህን ሁለት ሕዝቦች በአንድ ባንኮኒ ግራና ቀኝ ያቆማቸው ማን ነው?

ናታል እስከ 1910 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ሕንዶቹን ከ1860 ጀምሮ በኮንትራት ለሸንኮራ እርሻ ያመጣቸው ያው አገዛዝ ነው። ነግደው መቆም ሲጀምሩ ደግሞ በ1897 ፈቃድ ሰጪው ሹም እንዳሻው የሚከለክልበትን የንግድ ሕግ አወጣባቸው። አፍሪካዊው ከዚህም የባሰ ነው፤ የንግድ ፈቃድ ማግኘት ለእሱ ጭንቅ ነበር። ከ1908 ወዲህ ጠላውን እንኳ ጠምቆ መሸጥ የማዘጋጃ ቤቱ ብቸኛ መብት ሆነ፤ ትርፉም እሱኑ ለሚቆጣጠረው ቢሮ ይውል ነበር።

እንግዲህ አፍሪካዊው ሕግ አውጪውን በየቀኑ አያየውም። የሚያየው ሚዛን የያዘውን ሕንዳዊ፣ የአውቶቡሱን ቲኬት ቆራጭ፣ የቤት ኪራይ የሚጠይቀውን አከራይ ነው። ቅሬታው ውሸት አልነበረም፤ የሚበዘብዝ ነጋዴ፣ የሚሳደብ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ይህን ስል ቤት ከነሰው ያቃጠለውን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ያቃጠለ አቃጥሏል። ግን ቂሙ በአንድ ምሽት የበቀለ አይደለም።

የሁለቱ ወገን መሪዎች እኮ በ1947 አብሮ ለመታገል ተፈራርመው ነበር። ዶክተር ዙማ፣ ዶክተር ዳዱ፣ ዶክተር ናይከር፤ ሦስቱም ሐኪሞች! ፊርማው አውቶቡስ ከሚጠብቀው ሰልፈኛ ዘንድ አልደረሰም። (የእኛም አገር ስምምነቶች ስንቶቹ ገበያ ደርሰዋል?)

መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። የአፍሪካውያኑና የሕንዶቹ ኮንግረሶች ጠበቆች ምስክሮችን በመስቀለኛ ጥያቄ እንዲፈትኑ ስላልፈቀደ ሁለቱም ጥለው ወጡ። ሁለቱ ሕዝቦች በተጋደሉ በወራት ውስጥ መሪዎቻቸው በአንድ በር ሲወጡ ማየት ለእኔ ከሪፖርቱ ይበልጥብኛል።

በ1950 ሰፈርን በዘር የሚከፋፍለው ሕግ ወጣ፤ ደርባንም «አብረው መኖር አይችሉም» ለማለት ማስረጃ ሆና ቀረበች። ከዓመታት በኋላ የኬቶ ማኖር አፍሪካውያን ወደ ኳማሹ፣ ሕንዶቹ ወደ ቻትስዎርዝ ተጋዙ። መታውም ተመታውም፣ አከራዩም ተከራዩም ቤቱ ፈረሰበት።

መሬቱ ለረጅም ዘመን ባዶውን ዳዋ ወርሶት ቆየ።