መድኃኒት የማይበግረው የአጥንት ነቀርሳና የእኛ ዕፅዋት

እሾሃማው አጣጥ ለጉራጌ አገር ተማሪ እንግዳ አይደለም። ከወልቂጤ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው ሆስፒታልም በዚሁ ስም ይጠራል። ከጫት ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል የሆነው ይህ የዕፅዋት ወገን በዓለም የካንሰር ሕክምና ታሪክ ውስጥ ስፍራ እንዳለው የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባሉት የኬሚስትሪ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የዚሁ ወገን ተክል ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ማውጣታቸውን አሳወቁ። ንጥረ ነገሩ ሕዋስ ለሁለት በሚከፈልበት ጊዜ ክሮሞዞሞችን የሚጎትቱት ክሮች እንዳይገነቡ በማድረግ ይገድላል። በሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ጉዳቱ በመብለጡ ለብዙ ዓመታት ወደ ጎን ተትቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2013 የእርሱ ተወላጅ ከአንቲቦዲ ጋር ተያይዞ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ።

ይህን ስናወሳ የሚሰማን ኩራት ተገቢ ነው። ነገር ግን «የእኛ ቅጠል ካንሰርን ይገድላል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ብቻ እንደሆነ የአጥንት ነቀርሳ በግልጽ ያሳየናል።

ከአጥንት ነቀርሳዎች ዋነኛው ኦስቲዮሳርኮማ ሲሆን በአብዛኛው ብቅ የሚለው ቁመት በሚመዘዝበት የጉርምስና ዕድሜ፣ በተለይም በጉልበት አካባቢ ነው። በሽታው የአንባቢዎቻችንን ዕድሜ የሚመርጥ ነው ማለት ይቻላል። ዩዊንግ ሳርኮማ የተባለው ሌላው የአጥንት ነቀርሳ ሲታከም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሁለቱ ከዕፅዋት የተገኙ ናቸው። ቪንክሪስቲን በየግቢው ለጌጥ ከምትተከለው ሮዝና ነጭ አበባ ካላት ተክል ይወጣል፤ ኢቶፖሳይድ ደግሞ ፖዶፊለም ከሚባል ተክል ከሚገኝ ንጥረ ነገር ይሠራል።

ሕዋሱ ታዲያ እንዴት ያመልጣል? እ.ኤ.አ. በ1976 ጁሊያኖና ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ኮልቺሲን የተሰኘውን የዕፅዋት መርዝ የለመዱ የአይጥ መሰል እንስሳ ሕዋሳትን ሲመረምሩ በሽፋናቸው ላይ አንድ ፕሮቲን አገኙ። ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባለው ይህ ፕሮቲን የኤቲፒን ኃይል እያቃጠለ የገባውን መድኃኒት ወደ ውጭ የሚረጭ ፓምፕ ነው። አስደናቂውና አሳዛኙም ነገር ፓምፑ አለመምረጡ ነው፤ ኮልቺሲንን ለማስወጣት የበዛው ፓምፕ ቪንክሪስቲንንም፣ ኢቶፖሳይድንም፣ የእኛኑ ሜይታንሲንንም ይረጫል። ስለሆነም አንዱን መድኃኒት የለመደ ሕዋስ ከቶ ያላየውን ሌላውንም ሊቋቋም ይችላል። ፓምፑን የሚደፍኑ መድኃኒቶች በሕሙማን ላይ ተሞክረው የተጠበቀውን ያህል ውጤት አልሰጡም፤ ምክንያቱም ሕዋሱ ሌላም መውጫ አለው። መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ፕሮቲን ይለውጣል፣ ወይም የተጎዳ ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝዘውን ሥርዓት ያሰናክላል። በኦስቲዮሳርኮማ ፒ-53 የተባለው ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ መሆኑም ለዚህ ያግዘዋል።

በቤተ ሙከራ መድኃኒት የማይበግረው ሕዋስ የሚፈጠረው መጠኑን ከትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ በመጨመር ነው። የማይገድል መጠን ደካሞቹን አጥፍቶ ብርቱዎቹን ያራባል። ሕክምናን በመካከል ማቋረጥ የሚያሰጋንም፣ ልኩ የማይታወቅ ጭማቂ «ምንም አይጎዳም» እየተባለ መጠጣቱን የምንቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላም አለ። የጉልበት ሕመም በኳስ ጨዋታ ይሳበብና ልጁ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። ወጌሻ ለስብራትና ለውልቃት ባለሙያ መሆኑን አንክድም፤ ሌሊት የሚቀሰቅስና እያበጠ የሚሄድ የአጥንት ሕመም ግን ከመታሸቱ በፊት በራጅ መታየት አለበት። ወደ ሳንባ ከተዛመተ በኋላ ማዳኑ እጅግ ይከብዳል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ የሕዝብ ጤና ጥናት አካሂዷል፤ ወልቂጤም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። እንግዲህ የአካባቢውን ዕፅዋት የሚያጠና የመመረቂያ ጽሑፍ «ጭማቂው ሕዋሳቱን ገደለ» ብሎ እንዳይደመድም እንጠይቃለን። ያው ጭማቂ ፓምፑ በበዛባቸው ሕዋሳት ላይ ይሞከር፤ ለጤነኛ ሕዋስ ያለው መርዛማነትም ጎን ለጎን ይለካ። ከቪንክሪስቲን ጋር ሲቀላቀል ፓምፑን ይደፍን እንደሆነም ይታይ። የሕዋስ ማሳደጊያ በሌለበት ቤተ ሙከራ ይህ አይሠራም፤ ካላቸው ተቋማት ጋር በጋራ መሥራት ግን ይቻላል።