ደም ሳይቀዳ ወባን ስለ መመርመር

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። በሽታው ራሱ ሲደበቅስ ምን ይደረጋል?

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ሁምቦ ቆላ ከርሞ ወደ ጉኑኖ ሲመለስ ትኩሳት ያዘው። በአንድ ጤና ኬላ ጣቱ ተወግቶ ደሙ በፈጣን መመርመሪያ ቢታይ፣ ወባ የለበትም ተባለ። በሦስተኛው ቀን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ወባው ተገኘበት። በነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ በእናቴ ዓይን አልዞረም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 ዓመቱ ሳያልቅ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን ነው። ነገር ግን ይህን ፕሮቲን የማያወጡ ተሕዋስያን በኢትዮጵያ መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ተሕዋሱ ሊተወው የማይችል አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም መብላት ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ ሄሞግሎቢንን ሲበላ፣ ሄሞዞይን የሚባል ጠቆር ያለ ትራፊ ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተገኘው የሌዘር ብርሃን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ሳይቶፎን የተባለው መሣሪያ የሌዘር ብልጭታ በቆዳ አሳልፎ በደም ሥር ላይ ያሳርፋል። ሄሞዞይን ብርሃኑን ከጤነኛ ደም ይበልጥ ስለሚመጥ በቅጽበት ሞቆ ይለጠጣል፤ ከዚህም ረቂቅ ድምፅ ይወጣል፤ መሣሪያውም ድምፁን ከቆዳ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። መርፌ የለም፤ ደም አይቀዳም። በካሜሩን በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2024 ታትሟል።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ ማይክሮስኮፕ በቅጡ ባልተዳረሰበት አገር ስለ ሌዘር ማውራት ቅንጦት ነው ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ዛሬ ማይክሮስኮፑንና ባለሙያውን ማብዛት ይቀድማል። ነገር ግን አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ ተመልካቾች ብቻ ሆነን እንዳንቀር እሰጋለሁ። በጣት ላይ ተደርጎ በብርሃን ኦክሲጅን የሚለካው መሣሪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳት ዓለም አጥብቆ የተነጋገረው፣ በ2020 ከታተመ ጥናት ወዲህ፣ መሣሪያው ለብዙ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ቫይቫክስ የተባለውም ወባ ብዙ ነው። ስለዚህ የብርሃኑ ምርመራ በእኛው ሰውና በእኛው ወባ ላይ፣ በእኛው ምሁራን እጅ ይፈተን እላለሁ።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ በፊዚክስ የብርሃንን ምዕራፍ ለፈተና ብቻ አንማረው። ውድ ወላጆች ሆይ፣ ብርሃኑ እስኪደርስልን ድረስ፣ ልጃችሁ ወባ የለበትም ቢባልም ትኩሳቱ ካልለቀቀው መልሳችሁ አስመርምሩት።