የበርበሬው መኪና

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ስልክ ደውሎ «ዕቁብ ወጣልኝ» አለኝ። «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ሳልጨርስ «ፖርሽ ልገዛ ነውና አብረን እንሂድ» ሲል ቀጠለ። ሰውየው ዴንቨር ኤርፖርት በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ የሦስት ልጆች አባት ነው። እኔን የፈለገኝ በወጣትነቴ ሶማሌ ተራ አጠገብ ባለ ጋራዥ ሁለት ዓመት ብሎን ሳቀብል መኖሬን ስለሚያውቅ ነው። ብሎን ማቀበል መካኒክነት አይደለም ብለው አልሰማኝም።

አውሮራ ሃቫና መንገድ ላይ የመኪና ሻጮች እንደ መርካቶ ሱቅ ተደርድረው እንደሚገኙ የማያውቅ የዚህ ከተማ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ከነዚያ በአንዱ ግቢ መኪናው ቆሞ ይጠብቀናል። ፖርሽ ካየን ኤስ፣ የ2006 ሞዴል፣ ብርማ ቀለም፣ 118 ሺህ ማይል የሄደ፣ ዋጋው 7,400 ዶላር። ካየን የበርበሬ ስም መሆኑን ስነግረው ወዳጄ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲያ መኪናውን «በርበሬው» እያለ ነበር የሚጠራው።

«በዚህ ዋጋ እኮ ደህና ኮሮላ አላገኝም!» አለኝ። እውነቱን ነው። ታዲያ ኮሮላው የማይገኝበት፣ ፖርሹ የሚገኝበት ምክንያት ምን ይሆን ብሎ መጠየቅ የኔ ፋንታ ሆነ። ይህ መኪና አዲስ ሳለ ከ55 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። መኪናው ባረጀ ቁጥር የመሸጫው ዋጋ ይወርዳል፤ የመለዋወጫውና የመካኒኩ ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። ኮሎራዶም በበኩሏ ታዘናጋለች። የባለቤትነት ግብር የሚሰላው መኪናው አዲስ ሳለ በነበረው ዋጋ ሲሆን፣ አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው ግን በዓመት 3 ዶላር ብቻ ይሆናል። ወዳጄ ይህንንም አጣርቶ እንደ ትልቅ ማስረጃ አቀረበልኝ።

ወደ በሽታው ልግባ። ካየን ገበያ ላይ የዋለው በ2002 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የካየን ኤስ ሞተሮች ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር ናቸው። በሞተሩ አናት፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል የራዲያተር ውሃ የሚያመላልሱ ቱቦዎች አሉ፤ እነዚህ የተሠሩት ከፕላስቲክ ነው። ሞተሩ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ዓመታት ያልፋሉ፣ ፕላስቲኩ እንደ ደረቅ እንጀራ ይሆንና ይሰነጠቃል። ከሥራቸው የተቀመጠው ደግሞ ሞተሪኖው ነው፤ ውሃው እሱን ያጥባል፣ ከዚያም ወደ ኋላ ወርዶ በካምቢዮው በኩል ይንጠባጠባል። ያልተማረ መካኒክ «ካምቢዮህ ያፈሳል» የሚለው ያኔ ነው። ኩባንያው ራሱ ኋላ ላይ ቱቦውን በብረት ለውጦታል። የብረቱ ቱቦ ራሱ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን የሞተሩ አናት መፈታት አለበትና ሥራው ቀን ሙሉ ይፈጃል። ባጠቃላይ ከ1,500 እስከ 2,500 ዶላር መያዝ ነው። በኢንተርስቴት 70 ወደ አይዘንሃወር መተላለፊያ ዋሻ ሽቅብ ሲወጣ የፈነዳበት ሰው ደግሞ የመጎተቻውንም ይጨምርበታል።

ሌላው ዘንጉ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅም ዘንግ መሐሉ ላይ በላስቲክ የታቀፈ ኩሽኔታ አለው። ላስቲኩ ሲቀደድ፣ ነዳጅ በሰጣችሁት ቁጥር ከመቀመጫችሁ ሥር «ደብ ደብ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ዘንጉን በሙሉ ለመቀየር ከሺህ ዶላር በላይ ይጠየቃል፤ ኩሽኔታውን ብቻ የሚቀይር የግል ጋራዥ ካገኛችሁ ግን በጣም ይቀላል። በተረፈ ስምንት ካንዴላ፣ ስምንት ኮይል፣ ትልልቅ ፍሬኖች፣ ትልልቅ ጎማዎች አሉ፤ እነዚህን ማንም ይገምታል።

የሚያስፈራው የሲሊንደር መጫር ነው። ፒስተኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቀዋል፤ በተለይ ብርድ አገር ያሉት ይበዛባቸዋል። ጠዋት ሲነሳ ቱክ ቱክ ይላል፣ ዘይት ይበላል፣ መጨረሻው ሞተር መቀየር ነው፤ ያ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። በጥር ብርድ አስነስቶ ወዲያው ነዳጅ መርገጥ የለም። (ወዳጄ ከኤርፖርት የሚወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።)

ቤንዚኑም አለ። የኮሎራዶ ተራ ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፤ ይህ መኪና የሚጠጣው ከሁሉ ውድ የሆነውን 91 ነው፤ ያውም በከተማ ውስጥ በጋሎን 15 ማይል ሳይሞላ። 340 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለውም በባሕር ጠለል ነው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከስድስት ፈረሶች አንዱን ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ቢወስደው ደግሞ የባሰ ይሆን ነበር፤ እሷ ከዴንቨርም ትበልጣለች።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ሟርተኛ ነህ» አለኝ። ግን ሻጩን አስፈቅደን፣ የጀርመን መኪና ብቻ ወደሚሠራ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። እንዲህ ያለ ምርመራ 250 ዶላር ያስከፍላል፤ ሳይገዙ መክፈል ለአበሻ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። መካኒኩ ካንዴላዎቹን አውልቆ ቀጭን ካሜራ በየሲሊንደሩ አስገባ። ንጹሕ ነው። ወዳጄ እኔን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ቀጥሎ በባትሪ መብራት ከሞተሩ አናት ሥር አጮለቀና «ቱቦዎቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ፕላስቲክ» አለ። ሻጩ ተቀይሯል ብሎን ነበር፤ ደረሰኝ ግን አላሳየንም። የመካኒኩ ግምት 2,300 ዶላር ሆነ፤ በጽሑፍ ሰጠን። ግምቱን በጽሑፍ መቀበል፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱ አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። አንድ ሌላ ነገር ሹክ አለን፦ ካየን ከቮልስዋገን ቱዋሬግ ጋር በአንድ መሠረት ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ ብዙው ዕቃ በቱዋሬግ ስም ሲጠየቅ ይረክሳል። እኛ ቮልስ እየገፋን ያደግን ሰዎች ይህ ዝምድና ሊያስደስተን ይገባል።

ስንመለስ ወዳጄ ዝም ብሎ ነዳ። ዕቁቡ 10,000 ዶላር ነው። ከመኪናው የሚተርፈው 2,600 ዶላር ለትልቋ ልጁ የኮሌጅ ክፍያ የታሰበ ነው፤ ለባለቤቱም ይህንኑ ነግሯታል። «ቱቦውን ለአንድ ዓመት ባቆየውስ?» አለኝ። «ለቱቦው ንገረው» አልኩት። ሻጩ 800 ዶላር ቀነሰ። ወዳጄ «እስኪ ልደርበት» ብሎ ወጣ።

ሰኞ ሲደውል መኪናው ተሽጧል። አሁንም ድረስ አኩርፎኛል፤ ለሰንበቴ እንኳን አልጠራኝም። ገዢው አበሻ ነው ይላሉ። ብርማውን ካየን የገዛኸው ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፦ ሲሊንደሮቹ ደህና ናቸው፣ ቱቦዎቹ ግን ገና አልተቀየሩም። ባትሪውን ከኮፈኑ ሥር ፈልገህ ካጣኸው ደግሞ ከሹፌሩ መቀመጫ በታች ነው።