በሩ የታለ?

ሰሞኑን ቤት የሚያሳድስ ሁሉ ድብቅ በር እያለ ነው። እውነት ለመናገር ያምራል፤ በተለይ ሽንት ቤቱ ሳሎን ላይ ለሚከፈት ኮንዶሚኒየም። ከግድግዳው እኩል፣ በአንድ ቀለም፣ እጀታ የለው፣ ገፋ ሲያደርጉት ክፍት።

ግን እሑድ ለት እናቴን እኅቴ አዲስ ቤት ውስጥ ግድግዳ ስትዳብስ አገኘኋት። ለካ ሽንት ቤቱ ጠፍቷት፣ መጠየቁን አፍራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1789 ንግሥት ማሪ አንቷኔት የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ከወረረው ሕዝብ ያመለጠችው በመኝታ ቤቷ ድብቅ በር ነበር። እሷ ግን በሩን ታውቀዋለች። እንግዳ አያውቀውም፤ መብራት ሲጠፋማ ባለቤቱም ይዳብሳል።

ስለዚህ ዕቃ ቤቱን ደብቁት፤ እናቶቻችንም ጓዳቸውን በመጋረጃ ሸፍነው ኖረዋል። ለሽንት ቤቱ በር ግን ቢያንስ ትንሽ እጀታ አድርጉለት። እንግዳ የሚሸማቀቅበት ቤት ምኑ ነው ያማረው?