ልጅ ሲጠይቅ ይመለስለት

«ከገበያ ገዛንህ»፣ «ሆስፒታል ሰጡን»፣ «ማርያም አመጣችህ»። አብዛኞቻችን «ከየት መጣሁ?» ብለን ጠይቀን ከነዚህ ባንዱ ተመልሶልን ነው ያደግነው። ምን ክፋት አለው የሚል ብዙ ነው፤ እኔ ግን አለው ባይ ነኝ። ልጁ ውሎ አድሮ እውነቱን ይደርስበታል። ያን ጊዜ በዚህ ጉዳይ እናትና አባት እንደማይጠየቁ ይገባውና ሁለተኛ ወደ እኛ አይመጣም።

በቅርቡ ታክሲ ውስጥ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ነፍሰ ጡር ትክ ብሎ አይቶ «እማዬ፣ ሕፃኑን በላችው?» አለ። እናቱ ደንግጣ አፉን በእጇ ከደነችው፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ነፍሰ ጡሯ ግን ጎንበስ ብላ «አልበላሁትም የኔ ጌታ፤ ሆዴ ውስጥ ማኅፀን የሚባል የሕፃን ማደሪያ አለ፣ እዚያ እያደገ ነው» አለችው። «እሺ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። በዚያ ዕድሜ የሚበቃው ይኸው ነው። ከፍ ሲል «እንዴት ገባ?» ይላል፤ የአባት ዘርና የእናት እንቁላል ሲገናኙ እንደሚጸነስ ይነገረዋል። «በየት ወጣ?» ካለም በእናትየው ብልት በኩል፣ አንዳንዴም በኦፕራሲዮን መሆኑን ማወቁ አይጎዳውም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽሎ ያወጣው መመሪያም የሥነ ወሲብ ትምህርትን ከአምስት ዓመት ጀምሮ በየዕድሜው ይመድበዋል፤ ማወቃቸው ልጆችን ቀድመው ወደ ወሲብ እንደማያስገባቸውም በጥናት ታይቷል።

«ድሮ ማን ተነግሮት አደገ?» ይሉኛል። የገጠር እረኛ ኮርማ ላም ሲያጠቃ፣ በግ ስትወልድ እያየ ነው ያደገው። ሴቷንም አክስት ወይም አያት ጓዳ አስገብታ የምትነግራት ነገር ነበር። የኮንዶሚኒየም ልጅ አጠገብ ኮርማም አክስትም የሉም፤ ያለው ስልክ ነው። እኛ ያልመለስንለትን እዚያ ይፈልጋል፣ ለልጅ የማይሆነውንም እዚያ ያገኛል።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ልጅ ላይ ጥቃት የሚፈጽመው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ የደፈረን ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጠንካራ ሕግ ነው፤ ሥራውን የሚጀምረው ግን ልጁ ሲናገር ነው። የብልቱን ስም የማያውቅ፣ አንድ ቀን ቢጠራው «ነውር!» ተብሎ አፉን የተመታ ልጅ ለፖሊስ ቀርቶ ለእናቱ ምን ብሎ ይነግራታል? ገላውን ስናጥበው እጅ፣ እግር፣ ሆድ እንደምንለው ብልቱንም በስሙ እንጥራለት። ከሚያጥቡት ወላጆቹና እነሱ ባሉበት ከሚያየው ሐኪም በቀር ማንም እንዳይነካው፣ የነካው ካለ ደግሞ «ምስጢር ነው» ቢለውም ሮጦ እንዲነግረን እዚያው እንንገረው። እንደማንቆጣውም ጭምር።

ስለ ጉርምስና ለውጥ መንገሩ ለሴቶቹ ልጆች ትንሽ ተሻሽሏል። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁማ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። የወር አበባ ሳይመጣባት ልጇን አስቀምጣ የምትነግር፣ ሞዴሱንም ቀድማ ቦርሳዋ ውስጥ የምትከትላት እናት ዛሬ አላጣሁም።

ወንዱን ግን ማን ያናግረዋል? ድምፁ ሲጎረንን ይሳቅበታል። ሕልመ ሌሊት ሲያገኘው የታመመ ይመስለውና አንሶላውን ይደብቃል፤ ከዚያ ጓደኞቹ የነገሩትን ይዞ ያድጋል። ይህን መንገር የአባት ሥራ ነው፣ ለእናት የሚተውም አይደለም። ፊት ለፊት መቀመጥ ከከበደው ፀጉር ቤት ሲወስደው መንገድ ላይ ያንሳለት። «እኔም ባንተ ዕድሜ ደርሶብኛል፤ በሽታ አይደለም፣ ማደግህ ነው። አንሶላውን ከሚታጠበው ጋር ጨምረው» ካለው ጥሩ ጀመረ።