አቴንዳንሱ የሚያዘው በማን ላይ ነው?

በሰሚናር ክፍል ውስጥ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። የሰልጣኝ ሐኪም ትጋት የሚለካው በዚህ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን የሚያውቀው መፈረሙን ብቻ ነው። ማን እንደፈረመ እንኳ አያውቅም።

«ፈርምልኝ» የሚለውን ቃል ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ነውር ነው። ባልነበረበት ቦታ «ነበርኩ» ብሎ ማስፈረም የለመደ ሐኪም፣ ነገ ያላየውን በሽተኛ «አየሁ» ብሎ ካርድ ላይ ላለመጻፉ ምን ዋስትና አለ? ጥያቄው ግን ልማዱን ማን አሳደገው የሚለው ነው።

የቤት ኪራይ ገፍቶት አያት ኮንዶሚኒየም የገባ፣ ጥቁር አንበሳ የሚሰለጥን አንድ ሬዚደንት አለ እንበል። አያት በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የምሥራቅ መጨረሻ ነው። ባቡሩ ከተገኘ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ አልፎ ለገሐር ይወርዳል፤ ከዚያ ቸርችልን ይዞ በእግሩ። ካልተገኘ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል። እንዲህ መጥቶ ቀኑን ሠርቶ፣ ሌሊቱን ዲዩቲ አድሮ፣ ጠዋት ሰሚናር አለበት። ልክ በሰዓቱ የድንገተኛ ክፍል በሽተኛው ቢደክምስ? በሽተኛውን ትቶ የሄደው «ተገኝቷል» ይባላል። ከበሽተኛው ጋር የቆየው «ቀርቷል» ይባላል። ይህ መዝገብ የሚሸልመው ማንን እንደሆነ ልብ በሉ።

አሁን ደግሞ ሲኒየሩ ቀረ እንበል። ሠላሳ ሰልጣኝ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ ፈርሞ ተበተነ። መዝገቡ «ሠላሳ ተገኝተዋል» ይላል። አስተማሪው የቀረበት ረድፍ የለውም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ሰፋሪው አይሰፈርም።

ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ የተማሪው ቁጥር ከአስተማሪው ቀድሞ ሮጠ። የጎደለው አስተማሪ ሆኖ ሳለ የሚቆጠረው ተማሪ ነው።

«አቴንዳንስ ባይኖር ማንም አይመጣም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ይቅር የሚል የለም። «የአሻራ ማሽን ይገጠም» የሚሉም አሉ። ማሽኑ ጣቱ የማን እንደሆነ ያረጋግጣል፤ ባለጣቱ ወንበር ላይ ማንቀላፋቱን ግን አይነግርም።

የአሜሪካ የሬዚደንት ሥልጠና ተቆጣጣሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የሥራ ሰዓትን በሳምንት በአማካይ ከ80 እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ የሰሚናሩንም ሰዓት ከ80ው ውስጥ ቆጥሮታል። ትምህርቱ የሥራው አካል ነው፤ ከእንቅልፍ የሚሰረቅ ትርፍ አይደለም።

እዚህም የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የአስተማሪው ስም፣ የገባበት ሰዓትና የተሰጠው ርዕስ ይጨመር። በሽተኛ ጋር የቆየ ሰልጣኝ በተረኛው ሲኒየር ማረጋገጫ «በሥራ ላይ» ተብሎ ይመዝገብ። በሰሚናር ሰዓት ዋርዱን የሚጠብቅ ተረኛ ይመደብ። ከዚያ በኋላ «ፈርምልኝ» ያለ ይቀጣ፤ ያኔ ቅጣቱ ፍትሕ ይሆናል።

አንዲት የአያት እናት ሌሊት ልጇን ታቅፋ ሆስፒታል ስትደርስ፣ ሐኪሙ በሰሚናር ስንት በመቶ እንደተገኘ አትጠይቅም። መማር አለመማሩን ግን በልጇ ታየዋለች።